ቆጣሪው የጋራ፣ መኪናው የግል

ከጎንደር፣ ከአዘዞ የደረሰኝ ደብዳቤ ረጅም ነው። ፍሬ ነገሩን በጸሐፊዋ አነጋገር አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ነርስና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ለዓመታት ያገለገለችንን ዲኤክስ ኮሮላ ባለፈው ወር ሸጥናት፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከመኪና ሌላ ወሬ የለም። ባለቤቴ መምህር ነው። በደላላ በኩል አንዲት ቪትዝ አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል። ቀለሟ አዲስ ነው፤ ሊብሬዋ አዲስ አበባ በሚኖር ሰው ስም ስለሆነ ሻጩ የሚሸጣት በውክልና ነው፤ ‘ስሙን ቀስ ብላችሁ ታዞሩታላችሁ’ ብሎናል። ጓደኞቹ ግን ‘ቪትዝ የሴት መኪና ነች’ እያሉ ይስቁበታል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በየማታው እየደወለ ‘በዚህ ዘመን የነዳጅ መኪና መግዛት ገንዘብ ወንዝ መጣል ነው፤ ኤሌክትሪክ ግዙ፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ’ ይላል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ ‘ቆማ የምታድር መኪና ምን ትፈይዳለች? ሚኒባስ ግዙና ሠርታ ትብላ’ ይሉናል። መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። ጠዋት ልጆቹን ፒያሳ አካባቢ ትምህርት ቤት አድርሼ ሆስፒታል እገባለሁ፤ አዳር ተረኛ የምሆንበት ጊዜም አለ። በወር አንድ ጊዜ ዳባት ያለችውን እናቴን ለስኳር ክትትል አምጥቼ እመልሳለሁ። የነዳጅ ወረፋ አንገፍግፎኛል። ገንዘባችን ደግሞ ባንክ ተቀምጦ እየቀለጠ ነው። የምንኖረው ተከራይተን ነው፤ ግቢው ውስጥ ለአራት ቤተሰብ ያለው የመብራት ቆጣሪ አንድ ነው። ምን እንግዛ? በማንስ ስም?»

እኅቴ፣ በእጃችን አለ ያልሽውን የብር መጠን ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ይህን ዓምድ ደላሎችም ያነቡታል።

ሦስት ወንዶች ሦስት ዓይነት መኪና መርጠውልሻል። የአንቺን ጉዳይ የሚወስነው ግን ሦስቱም ያላነሡት፣ አንቺም በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሽው ነገር ነው፤ ለአራት ቤተሰብ አንድ የሆነው ቆጣሪ። እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ሚኒባሱን እናሰናብተው።

ሚኒባስ መግዛት ተጨማሪ ሥራ መጀመር ነው። ሹፌር፣ ረዳት፣ ስምሪት፣ የዕለት ሒሳብ፣ የጎማና የዘይት ወጪ ይከተለዋል። የባለቤትሽ ወንድም ሐሳብ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ማታ ማታ ሹፌሩን ቁጭ አድርጎ «ዛሬ ስንት ገባ? ስንት ወጣ?» የሚል ሰው ይፈልጋል። አንቺ አዳር ተረኛ ነሽ፤ ባለቤትሽ የፈተና ወረቀት ያርማል። እሳቸው ይቆጣጠሩልን ብትሉ ደግሞ ገንዘቡ የእናንተ፣ መኪናው የእሳቸው ይሆናል። ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በባጃጅ ይሆናል። ሚኒባሱ ይቅር።

የወንድምሽን ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው ወሬ ነው ብዬ አላልፈውም። አብዛኛው እውነት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምትገዢው የቤንዚን መኪና ምንጊዜም አገር ውስጥ ከቆዩት አንዱ ነው፤ በየዓመቱ እያረጀ ይሄዳል፣ ዋጋው ግን እንደ ዕድሜው አይወርድም። ኤሌክትሪኩ በአንጻሩ የታክስ ፋታ ተሰጥቶት ነው የገባው።

ሌላም ወንድምሽ ያልነገረሽ ጥቅም አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቤንዚን ሞተር የሚሠራው አየር እየሳበ ስለሆነ ከፍታው በጨመረ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋውን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ቁልቁለት ላይ እንዲያውም ፍሬን ሲያዝ ከሚባክነው ኃይል የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ሒሳቡንም ሠርቼልሻለሁ። አዘዞ ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልሱን፣ ከትምህርት ቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ገበያ የሚባለውን ዞር ዞር ጨምረን በቀን 30 ኪሎ ሜትር እንበለው። ትንሽ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚበላ የአንቺ ቀን 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ተራ የግድግዳ ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። ስለዚህ ሌሊቱን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ መብራት ቢኖር የነገው መንገድ ተሞልቶ ያድራል። «መብራት ይጠፋል» የሚለው ክርክር ለረጅም ርቀት ሹፌር እንጂ ለአንቺ ያን ያህል አያስፈራም።

ዳባትስ? ከጎንደር ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 150። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለው ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪዋ 38.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ይሸጣል። የቻይናው መለኪያ ለሻጭ ያደላል፤ ሩቡን አንዳንዴም ሢሶውን ቀንሺለት። ቢቀነስም በመንገዱ ያለውን የወገራን ከፍታ ወጥታ፣ እናትሽን ይዛ ለመመለስ አታንስም። ባሕር ዳር ግን 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ አድሮ፣ ሞልቶ መመለስ ይጠይቃል።

እስካሁን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ኤሌክትሪክ ትግዛ» ይላል። የራስሽ ቆጣሪ ያለው ቤት ቢኖርሽ እኔም ይህን ብዬ ብዕሬን አስቀምጥ ነበር።

በወር ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ትነጃለሽ፤ ይህ 150 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። የቤት ታሪፍ የሚሰላው በእርከን ነው፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድሮውንም ከፍ ያለ እርከን ላይ ነው ያለው። የአንቺ 150 ሲጨመርበት ከፍ የሚለው የአንቺ ድርሻ ብቻ ሳይሆን ሻይ ከማፍላት በቀር ሌላ የማይጠቀሙት ጎረቤትም ጭምር ነው። የመጀመሪያው ወር «እኛ እንጨምራለን» በማለት ያልፋል። በሁለተኛው ወር አንዷ ጎረቤት ደረሰኙን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። በሦስተኛው አከራዩ ይጠሩሻል።

ገንዘቡ በስምምነት ቢፈታ እንኳ ሽቦው አለ። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ከሚጋግሩት ጎረቤቶች አንዷ ምጣዷን ስትሰካ መኪናሽ ደግሞ በኤክስቴንሽን ተስቦ ግቢው ላይ እየሞላ ከሆነ፣ ወይ ብሬከሩ ይወርድና ሁሉም ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይ ብሬከሩ ሳይወርድ ግድግዳው ውስጥ ያለው ያረጀ ሽቦ ይግላል። ሁለተኛው ይብሳል። የኪራይ ግቢ ሽቦ ሲዘረጋ የታሰበው ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማን እንደቀጠለው፣ በምን ውፍረት እንደቀጠለው የሚያውቅ የለም። ልጆች የሚተኙበት ቤት ነው።

«የራሳችንን ቆጣሪ እናስገባ» ብትዪ ማመልከት ያለባቸው ባለቤቱ ናቸው፤ ወጪው የእናንተ፣ ንብረቱ የእሳቸው። ቤት ስትለውጡ ቆጣሪው ይቀራል፤ በሚቀጥለው ግቢ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ተከራይ ሆኖ መኪናን ከአንድ ሰው ግድግዳ ጋር ማሰር ለአከራዩ የኪራይ መጨመሪያ ምክንያት መስጠትም ነው። መንቀሳቀስ የማይችል ተከራይ መሆንሽን አውቀው ነው የሚደራደሩሽ።

ሁለት ነገር ልጨምርና ከኤሌክትሪኩ እንውጣ። አገር ውስጥ ከገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ የፈጣን ኃይል መሙያ መሰኪያቸው የቻይና ደረጃ ስለሆነ ከአውሮፓው ጋር አይገጥምም፤ የስክሪኑም ጽሑፍ ቻይንኛ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የባትሪ ዋስትና አለው ሲሉሽም ማን፣ የት፣ በየትኛው ጋራዥ እንደሚያድስልሽ በጽሑፍ ካልሰጡሽ ዋስትናው ፋብሪካው አገር ቀርቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው መኪናው ቢቆምበት ጎትቶ ያደርሰዋል። ከጎንደር ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ተጭኖ ነው የሚሄደው።

ስለ ወንድምሽ ብር የምለው አጭር ነው። ብሩ ሲመጣ ሐሳቡም አብሮ ይሳፈራል። መኪናው አንድ ቀን ቢቆም ባለቤትሽ «የወንድምሽ መኪና» ይለዋል፤ ሲሠራም ወንድምሽ «ብዬ አልነበረም?» ይላል። የገዛ ገንዘባችሁ ለአንዲት ደህና መኪና የሚበቃ ከሆነ በዚያው ተወሰኑ። ወንድምሽን ቅር ላለማሰኘት «የራሳችን ቤት ስንገባ ያንተን ኤሌክትሪክ እንገዛለን» በዪው። ይህን ስትዪው ዋሽተሽ አይደለም። የራሳችሁ ቆጣሪ ባለበት ቤት የገባችሁ ቀን የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ያለው ይሆናል።

እስከዚያው ፍርዴ ለባለቤትሽ ነው፤ ትንሽ፣ ያገለገለች፣ ቤንዚን የምትጠጣ ቶዮታ ግዙ። መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ፤ ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ያለ መካኒክ ሁሉ ያውቃታል፤ ነገ ልትሸጪያት ብትፈልጊ ገዢ አይጠፋም። ጓደኞቹ «የሴት መኪና» ማለታቸውም ልክ ነው፤ የምትነዳው ሴት ነች። ትንሽ መኪና ሌላም በረከት አላት፤ በጥር ለሠርግ ሚዜ ማመላለሻ የሚለምናችሁ ዘመድ አይኖርም።

ባለቤትሽ ያያትን ግን አሁን ባለችበት ሁኔታ አልደግፍም። የሚያስጨንቀኝ ቀለሟ አይደለም፤ ውክልናው ነው።

በውክልና የሚሸጥ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። ብዙ ሰው ስም ማዞሪያውን ወጪና ምልልስ ሸሽቶ መኪናን በውክልና ያስተላልፋል፤ ያም ለሌላው፣ ሌላውም ለሌላው። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ግን ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው መኪናውን ይረሳዋል፤ ሕጉ ግን አይረሳውም። ውክልናን ወካዩ በፈለገበት ቀን ሊሽረው ይችላል። ቢሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትነጋገሪው ከወራሾች ጋር ነው፣ እነሱ ደግሞ መኪና መውረሳቸውን ሲሰሙ ይደሰታሉ። ባለ ስሙ ዕዳ ቢኖርበት መኪናው በፍርድ ቤት ሊታገድ ይችላል። ባለትዳር ከሆነና ሚስቱ ሽያጩን ካልፈረመችም ነገ ልትቃወም ትችላለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ሻጩ ገንዘቡን ቆጥሮ ከሄደ ቆይቷል።

ስለዚህ ለሻጩ የምትነግሩት አንድ ነገር ነው፤ ስሙ በእኛ ስም ሲዞር ሙሉ ክፍያ፣ እስከዚያ ቀብድ ብቻ። ፋይሉ አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያ ወንድምሽ አለ፤ ኤሌክትሪክ ስላልገዛችሁ ቅር ቢለውም ይህችን ሥራ ስጡት። ፋይሉ ወዳለበት መሥሪያ ቤት ሄዶ መኪናዋ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት፣ ያልተከፈለ ቅጣት እንደሌለ፣ ከቀረጥ ነጻ ገብታ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን ያጣራ። ባለ ስሙንም በአካል ያግኘው። ባለ ስሙ «አዎን፣ ሸጫታለሁ» ብሎ ቀርቦ ለመፈረም ፈቃደኛ ከሆነ እንቀጥላለን። ሻጩ «ለአንዲት ፊርማ ምን ይህን ያህል ታስቸግሩናላችሁ» ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ።

ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ እንበል። አሁን ወደ ብረቱ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቶዮታ ቀድሞ «ቪትዝ» የሚለውን ስም የተጠቀመው ለጃፓን ገበያ ለሠራቸው ነው፤ ለአውሮፓ የላከው ያንኑ መኪና «ያሪስ» ብሎ ነው። ጃፓኖች የሚነዱት መንገዱን በግራ ይዘው ስለሆነ መሪያቸው በቀኝ ነው። ስለዚህ ጀርባዋ ላይ «ቪትዝ» ተብሎ ተጽፎባት መሪዋ በግራ ከሆነ፣ ጽሑፉ ኋላ የተለጠፈ ካልሆነ በቀር፣ መሪዋ የዞረ ሳይሆን አይቀርም። የዞረ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ በደንብ የተዞረች ለዓመታት ሳታስቸግር ትሠራለች። በክፉ የተዞረች ግን መሪዋ ወደ አንድ ጎን ትስባለች፣ ክሩስኮቷ ጉድባ ባለፈች ቁጥር ይንጫጫል። ጋራዥ ሳትሄጂ ማየት የምትችይበት ዘዴ አለ፤ መስታወቱን አርጥበሽ የዝናብ መጥረጊያውን ክፈቺ። መጥረጊያው ለቀኝ ሹፌር እንደተገጠመ ቀርቶ ከሆነ በአንቺ በኩል ያለው ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል። የጎንደርን ሐምሌ ለምታውቂው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ከቀረቡልሽ በፋብሪካ ግራ መሪ የሆነችውን ያሪስ ውሰጂ።

ሞተሯ ስንት ሲሲ ነው? አልጻፍሽልኝም። ቀድሞ የመጡት 1,000 እና 1,300 ሲሲ አሉ። ባለ 1,000ው ከፋብሪካ ሲወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ጎንደር ላይ ከ55 ብዙ አይበልጥም፣ ወገራ ላይ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ለአዘዞና ለፒያሳ ይበቃል። እናትሽን፣ ሁለት ልጆችና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነሽ ከዳባት ስትነሺ ግን ጭነት መኪና ለመቅደም ስትሞክሪ ጉልበት አንሶሽ ትጨነቂያለሽ። 1,300 ፈልጊ። በነዳጅ የሚበልጠው ትንሽ ነው።

መኪናዋን ለማየት ጠዋት፣ ሳትቀጥሩ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ ሞተሯ ሳይነሣ። ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው፤ ሞቅ ካለ አንድ ሰው አስቀድሞ አሙቋታል፣ ምክንያት ይኖረዋል። ስትነሣ ከኋላ የሚወጣውን ጭስ ባለቤትሽ ይይ፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ የማያባራ ነጭ ጭስ ከሆነ ውኃ ወደ ሞተር እየገባ ይሆናል። የዘይት መሙያውን ክዳን ግለጪና ውስጡን ተመልከቺ፤ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ነገር ከለጠፈበት ደህና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ። ቀለሟ አዲስ ነው ስላልሽ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለሽ በሮቿና ፓርፋንጎዎቿ ላይ አንሸራትቺ። የማይዝበት ቦታ ብረቱ በወፍራም ስቱኮ ተሸፍኗል። ጥቂት ስቱኮ በከተማ መኪና ላይ ነውር የለውም፤ በሩ ሁሉ ስቱኮ ከሆነ ግን የተገለበጠች መኪና ልትሆን ትችላለች።

ከዚያ ጎሃ። ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣው ዳገት ለከተማችን ነጻ የመኪና መመርመሪያ ነው። ሦስት ሰው ጭነሽ አንቺው ንጂያት፤ ሻጩ አይንዳልሽ። ዳገቱ መሃል ላይ አቁሚና እንደገና ተነሺ። ፍሪሲዮኑ ከሸተተ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልተንቀሳቀሰች ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ይህ የሚጠገን ነው፣ ከዋጋው ይቀነስ። አውቶማቲክ ከሆነች ማርሽ ስትቀይር መንገጭገጭ የለባትም፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ቀላል ወጪ አይደለም፣ እሷን ተዋት። ላይ ስትደርሺ ሞተሩን ሳታጠፊ ከተማዋን እያየሽ ትንሽ ቆዪ፤ የሙቀት ምልክቱን ተከታተዪ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ መነሣቱን አድምጪ። ቁልቁል ስትወርጂ ደግሞ ፍሬኑ። ይህን አልፋ የመጣች መኪና ወደምታምኚው መካኒክ ትሂድ፤ የመካኒኩን ዋጋ ክፈዪ፣ ሻጩ የሚያመጣውን መካኒክ ግን አመስግነሽ መልሺው።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስሽ አስተያዪ፤ ቁጥር በቁጥር። ለታማሚ መድኃኒት ስትሰጪ እንደምታደርጊው።

ስለ ወረፋው፦ ዲኤክሷ ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ሊትር ትጠጣባችሁ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ይህችኛይቱ 6 ወይም 7 ሊትር ትበቃታለች። በወር 100 ሊትር የነበረው ወደ 65 ይወርዳል፤ ታንከሯ ከ40 ሊትር ትንሽ ስለሚበልጥ በወር ሁለት ጊዜ ብትሞዪ ይዘልቃል። ወረፋው አይቀርልሽም፤ ቁጥሩ ይቀንሳል። ቀይ እስክታበራ ግን አትጠብቂ። መንገድ ዳር በጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠውን ቤንዚን ተዪው፤ በምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም፣ የዚህች ሞተር ደግሞ እንደ ዲኤክስ ካርቡሬተር ያገኘውን ሁሉ የሚችል አይደለም። ዳባት የምትሄዱበትን ቀን አስቀድማችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ በጊዜ ወጥታችሁ በጊዜ ግቡ።

ገንዘቡ እየቀለጠ ነው ያልሽው እውነት ነው፤ ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ቢሆንም ወረቀት ለማጣራት የምታጠፉት ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚያጎድልባችሁ፣ የታገደ መኪና ከሚያጎድልባችሁ ጋር አይወዳደርም። ያላችሁንም ሁሉ ለሻጩ አትስጡ። ከአሥር አንዱን አስቀሩ። ያገለገለ መኪና በገባበት ወር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራ፣ ምናልባትም ሁለት ጎማ ይጠይቃል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ ከቻላችሁ ሙሉውን ግቡ፣ አዳር ስትሆኚ መኪናዋ የምታድረው ከቤትሽ ውጭ ነውና።

በማን ስም ላልሽው፣ በአንቺ ስም ይሁን። የምትነጃት፣ ትራፊክ የሚያስቆምሽ፣ ለዓመታዊ ምርመራ ወስደሽ ቦሎ የምታስለጥፊው አንቺ ነሽ። በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት በማንም ስም ቢመዘገብ የጋራ ነው፤ ስትሸጡም የሁለታችሁ ፊርማ ይጠየቃል። ስለዚህ ባለቤትሽ ላይ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ይህን እኔ ሳልሆን አንቺ፣ ከውሉ ቀን በፊት፣ እቤት ቁጭ ብላችሁ ንገሪው። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ የሁለታችሁን መታወቂያና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከነቅጂው ያዙ፤ ባለ ስሙም ሚስቱን ወይም ያላገባ መሆኑን የሚያሳየውን ወረቀት ይዞ እንዲመጣ ከዋዜማው ደውላችሁ አስታውሱት፤ አለዚያ ፈቃድ የወሰድሽበት ቀን በከንቱ ያልፋል።